ካይሮ አድሮ አስመራ፦ መሄድ ወይስ መቅረት?

የስቶክሆልሟ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የተወለደችው አስመራ ነው። አያቴ በጃንሆይ ጊዜ እዚያ አስተማሪ ነበሩ። እኔ የስዊድን ፓስፖርት አለኝ፤ ለአንድ ሳምንት በቱሪስትነት ሄጄ ከተማዋን ማየት አማረኝ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ግማሹ «እሰይ!» አለኝ፤ ግማሹ «አታፍሪም?» አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ጋዜጠኛው ዳዊት ይስሐቅም እንዳንቺው የስዊድን ዜጋ ነው። በመስከረም 2001 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አስመራ ተያዘ፤ ለፍርድ ሳይቀርብ ይኸው ስንት ዓመቱ። ወጣቱ በግዴታ የሚገባበት ብሔራዊ አገልግሎት (ውትድርናው) በወረቀት 18 ወር ነው፤ በተግባር ማለቂያ የለውም። ወጣቱ ከዚያ ሲሸሽ አንቺ ማኪያቶ ልትጠጪ ትሄጃለሽ?

የአስመራ ልጅ፦ ቀስ በል ወንድሜ። ማኪያቶው ምን አደረገህ? መንግሥት በቱሪስት ገንዘብ አይኖርም። ማዕድን አለው፤ ከዲያስፖራው ገቢ ላይም 2 በመቶ ይሰበስባል። ሰው ሲቀር የሚጎዳው ታክሲ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። ደግሞ ከተማዋ የመንግሥት አይደለችም። ፊያት ታሊዬሮን ሄዳ ትየው፤ በ1938 የተሠራ ነዳጅ ማደያ ነው። አውሮፕላን ይመስላል፤ የኮንክሪት ክንፎቹ ምሰሶ የሚባል ነገር የላቸውም። እኔ ከሥሩ ኳስ ስጫወት ነው ያደግኩት። ዩኔስኮ በ2017 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

መንገደኛ፦ ክርክሩን ለእናንተ ትቼ መንገዱን ልንገራት። ድሮ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከሰዓት በላይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2018 ጀመረ፣ በመስከረም 2024 አቆመ። እኔ በካይሮ ነው የሄድኩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ፣ ጫማዬን ትራስ አድርጌ። ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ቁረጪ። ለየብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ጥሎሽ ይሄዳል። አስመራ በካርድ እከፍላለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ጥሬ ዶላር ያዢ፣ ስትገቢም አስመዝግቢ። በመንግሥት ተመን አንዱ 15 ናቅፋ ነው። ምጽዋም ከረንም ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል።

ጋሼ ቦሌ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር አጣሪ። በእናት ወይም በአባት ኤርትራዊ የሆነን ሰው የውጭ ፓስፖርት ቢይዝም እንደ ዜጋቸው ነው የሚያዩት። ያኔ ኤምባሲሽ ብዙም አይረዳሽም።

የስቶክሆልሟ፦ አይደለሁም ጋሼ። አያቴ ጎንደሬ ናቸው፤ ሴት አያቴ ደግሞ የደሴ።

ጋሼ ቦሌ፦ ጥሩ። እንግዲህ የእኔን ስሚ። በደርግ ጊዜ አስጎብኚ ነበርኩ። አንዲት ፈረንሳዊት መኪና ውስጥ «ስለ መንግሥታችሁ ምን ታስባለህ?» አለችኝ። ጮክ ብላ። ሾፌሩ መስተዋቱን አስተካከለ። እኔ በመስኮት እያሳየሁ ስለ ጤፍ ማውራት ጀመርኩ። እሷ ደገመችው! ሴትዮዋ ደግ ነበረች፤ የምታደርገውን አታውቅም። እሑድ አገሯ በረረች። እኔ ሰኞ ጠዋት ምን እንደጠየቀችኝ፣ ምን እንደመለስኩ ሪፖርት ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ታዲያ ጋሼ፣ ይሄ እኮ አትሂድ የሚያሰኝ ነው።

ጋሼ ቦሌ፦ የለም። ያቺ ሴትዮ ባትመጣ ደሞዝም አልነበረኝም። ትሂድ ነው የምለው፤ ጥያቄዋን ግን እቤቷ ትታ። ፎቶም ስታነሺ ሰው አታስገቢ። ነፃነት እገዛላቸዋለሁ የሚል ቱሪስት ያስቀኛል። ዶላሩም ቢሆን ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያወራው ሰው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እንግዲያ አይተሽ፣ ዝም ብለሽ ተመለሺ ነው? እኔ አይዋጥልኝም። ቢያንስ ስትመለሺ የዳዊትን ስም እዚያው ስዊድን ጥሪ።

የአስመራ ልጅ፦ እሱ ላይ ተስማምተናል። ስቶክሆልም ላይ የፈለገችውን ትጩህ።

የስቶክሆልሟ፦ ቲኬቱን እስከ ሐሙስ ይዘውልኛል። እናቴ ቤቱ ገዛ ባንዳ ነበር ትላለች። ሰፈሩ አሁንም እንደዚያ ነው የሚባለው?

የአስመራ ልጅ፦ አዎ፣ ገዛ ባንዳ ነው። ለየትኛውም ታክሲ ብትነግሪው ያደርስሻል። ለምን እንደምትፈልጊው ካልጠየቀሽ ግን ዝም በይ።