ኮምቦልቻ ሆኖ «ዝናብ ቆጥሮ» መኖር ይቻላል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ጎበዞች። በውሃ ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለጊዜው ኮምቦልቻ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ማስተርሴን በከባድ ዝናብና በድርቅ ስታትስቲክስ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። አጎቴ «ዝናብ ቆጥረህ ምን ልትበላ?» ይለኛል። በሙያው የቆየ ካለ፣ ቀኑ በምን እንደሚያልፍ ቢነግረኝ። ሒሳቤ መካከለኛ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ደሴ ነኝ፤ በዚህ ነገር 16 ዓመት ሆነኝ። አጎትህ አልተሳሳቱም፤ ደመወዙ የመምህር ደመወዝ ነው። የድልድይ ወይም የግድብ ጥናት ሲመጣ ትንሽ ይደጉማል።

ቀኑ ግን በቀመር አያልፍም። ጉምቤልን፣ ማለትም የከባድ ዝናብን ዕድል የምንገምትበትን ቀመር፣ በሳምንት ትለምደዋለህ። ዕድሜ የሚፈጀው መዝገብ ማጣራት ነው። ታዛቢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የ24 ሰዓቱን ዝናብ ለክቶ ይጽፋል፤ ሲታመም ወይ ለቅሶ ሲሄድ ባዶ ይቀራል፣ አንዳንዴም የሦስት ቀኑን ባንድ ይደምረዋል። 1983 ዓ.ም. ላይ ብዙ ጣቢያ ባዶ ነው፤ በጦርነት መሐል ማን ዝናብ ይለካል?

ማስተርሴን ስሠራ ነሐሴ 14 ቀን 104 ሚሊ ሜትር የሚል አገኘሁ፤ የዋዜማው 8፣ የማግስቱ 11። ነጥብ የተረሳ መስሎኝ 10.4 አደረግሁት። እሑድ ቡና ላይ ዓመቱንና ቀኑን ለእናቴ ብነግራት «ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው! የጎረቤታችንን አጥር ከነበጉ የወሰደው ዕለት እኮ ነው» አለችኝ። ቁጥሩን መለስኩት። በሱ ብቻ የመቶ ዓመቱ ግምት ዘለለ።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ደግሞ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ግድም ነው። ይህን ለባለሥልጣን ማስረዳት ከሒሳቡ ይከብዳል።

ድርቅ ላይ ከሠራህ የዓመት ድምር አያታልህ። በልግ ጠባቂው ደጋ በልጉ ከከሸፈበት፣ ጥሩ ክረምት ድምሩን ያስተካክለዋል፤ ጎተራውን ግን አይሞላውም።

አስፋልት፦
ሳተላይት እያለ ማን ወረቀት ይገልጣል? ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይት የዝናብ መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው በነፃ አለ።

ጦሳ ሥር፦
አለ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መሬቱን በካሬ ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጥህ፤ የአንዱ ካሬ ጎን 5 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ደግሞ በሐረጎ ከ500 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። አንዱ ሸለቆ ላይ የወረደው ዶፍ በአማካይ ይሟሟል። ለድርቅ እሺ፤ ለቱቦ ስፋት ግን ብቻውን አላምነውም።

የቦርከና ልጅ፦
የእናትህ ነገር! የኛም ሱቅ ጓዳ ግድግዳው ላይ የጎርፍ ምልክት አለ። አጎቴ ግን ዓመቱን ሁለቴ ቀይሮብኛል።

ጦሳ ሥር፦
ቀለም ሳይቀቡት ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለካ። ዓመቱን ጎረቤት ጠይቅ።