መካከሉ የጎደጎደ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ለመለጠፍ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። የመታጠቢያ ክፍሉን ግድግዳ 30 በ60 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ልናለብስ አስበናል፤ ይህን የሚያህል ሴራሚክ ደግሞ የግድግዳን ጉድለት አይሸፍንም። ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ስናስደግፍበት መካከሉ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። እስከ ወገብ ድረስ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከሥሩ ያለው የኖራ ልስን ቦታ ቦታው ላይ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል።

ግንበኛው ጎድጓዳውን በወፍራም የሲሚንቶ ልስን በአንድ ጊዜ ሞላው። ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፤ በመዶሻ እጀታ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱ ጥግ የዘይት ቀለሙን ይዞ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። አሁን «የቀረውን በሙጫው እናስተካክለዋለን» ይላል። የሙጫው ከረጢት ግን ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ እኔም የማምነው ከረጢቱን ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ግድግዳውን በሙሉ ማወፈር አይቻልም፤ በሩ አሁንም ከእጅ መታጠቢያው ጋር ለጥቂት ነው የሚተላለፈው።

አሮጌውን ልስን እስከ ድንጋዩ ድረስ አስነሥቼ በስሱ፣ በየዙሩ እየደረቀ እንደ አዲስ ላስለስን፣ ወይስ የጠነከረውን ትቼ፣ ቀለሙን አስፍቄ፣ ጎድጓዳውን ብቻ በሽቦ መረብ ይዤ ባስሞላው ሴራሚኩን ይሸከማል?