ከዝናቡ በኋላ ሬዲዮዬ መላክ እምቢ አለ፣ ድረሱልኝ (ደሴ)

ጠያቂ፦ ጀማው ቶሎ ድረሱልኝ። ማታ ያ ሁሉ ዝናብና መብረቅ ወረደ። ጠዋት መገናኛ ሬዲዮዬን ስከፍተው በደንብ ይሰማል፣ ለመናገር ስጫን ግን ኤስደብልዩአሩ (ከአንቴናው የሚመለሰው ሞገድ ልኬት) ከ3 በላይ ይወጣና ኃይሉ ይወርዳል። ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል። 10 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ቀጠሮ አለኝ። ደሴ ውስጥ የሚጠግን ሰው ማን አለ?

ጦሳ ስር፦ አብሽር። ስንት ሜጋኸርዝ ላይ ነህ? አንቴናህስ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ 7.1። ራሴ የሠራሁት ዳይፖል፣ መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ የሽቦ አንቴና ነው፣ ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፉ የተወጠረ። እስከ ትናንት አሪፍ ነበር እኮ!

የቦርከና ልጅ፦ ተራራው ከልሎህ ይሆናል። ኮምቦልቻ ውረድ፣ ምሳም እንጋብዝሃለን 😀

ጋሽ ሞገድ፦ ልጆች፣ ከስሌቱ እንጀምር። 143ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ። ለ7.1 የአንቴናው ሽቦ ጠቅላላ ርዝመት 20.14 ሜትር ይመጣል፣ በየጎኑ 10.07 ማለት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ከሆነ ልኬቱ ይዛባል። ደግሞ ሳይረሳ፣ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር መላክ አይቻልም።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ፈቃድ አለኝ፣ ልኬቱም ልክ ነው። ተቃጥሏል እያልኩ ነው!

ጦሳ ስር፦ አልተቃጠለም። ኤስደብልዩአሩ ሲበዛ ሬዲዮው ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል። የተራራውንም ነገር ተወው፣ በ7 ሜጋኸርዝ ዝቅ ያለ ዳይፖል ሞገዱን ወደ ላይ ይልከዋል፣ ከሰማይ ተመልሶ ነው አዲስ አበባ የሚወርደው። ለማረጋገጥ 20 ባለ 1 ኪሎ ኦም የካርቦን ሬዚስተሮች ጎን ለጎን በፓራለል እሰር፣ ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ኦም ይሆንልሃል። የሽቦ ጥቅል የሆነውን አይነት ግን አትጠቀም። በአንቴናው ቦታ እሱን ሰካና በ5 ዋት ለአጭር ጊዜ ሞክር። ኤስደብልዩአሩ ወደ 1 ከተጠጋና ኃይሉም ካልወረደ ሬዲዮህ ጤነኛ ነው።

ሽቦ በሽቦ፦ ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደውን ገመድ ቀይረው ይለቅሃል።

የቦርከና ልጅ፦ እኔም ገመዱን ቀይር ባይ ነኝ።

እመቤት ከሆጤ፦ ሳታይ ገንዘብ አታውጣ። ገመዱ መሃል ላይ ከሽቦዎቹ ጋር የተያያዘበትን ቦታ አውርደህ እይ። ናስትሮው ተላቆ ከሆነ ውሃ የገባው በዚያ ነው። የገመዱን ሽፋን ትንሽ ላጥ አድርገው። ውስጡ ያለው የመዳብ መረብ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኘኸው፣ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪመጣ ቁረጥ። አዲሱን ጫፍ በይደው፣ በናስትሮ ጠቅልለው፣ ከላይ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ጥበቅ አድርገህ እሰርበት። ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ጠያቂ፦ መሃሉ ላይ «ባለን» የሚሉት ገመዱንና አንቴናውን የሚያስማማ ዕቃ አለበት፣ ችግር አለው?

እመቤት ከሆጤ፦ በኦም ሜትር ስትለካ ብቻ ተጠንቀቅ፣ አንዳንዱ ባለን ጤነኛ ሆኖም ሾርት ያሳያል። እሱን ነቅለህ ገመዱን ለብቻው ለካ፣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ሆኖ በመሃሉ ሽቦና በመረቡ መካከል ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ደመናው ተመልሶ እየጠቆረ ነው፣ መብረቅ ካለ ጣሪያ አትውጣ፣ ገመዱንም ከሬዲዮው ነቅለህ አቆየው። የ10 ሰዓቱ ቀጠሮ ለነገ ይሸጋገር።