የጭፈራ ቤት በር ላይ «ጡንቻ ይበቃል»?

የጨሞጋ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ባለ ባር ወንድማችን በጻፈው ተናድጄ ነው ያደርኩት። የባህር ዳርና የደብረ ማርቆስ ባውንሰሮች (የጭፈራ ቤት በር ጠባቂዎች) ሠልጥነው ፈቃድ ይያዙ ስንል «ለበር ሥልጠና ምን ያደርጋል፣ ጡንቻ ይበቃል» አለን። የጎረቤቴ ልጅ በሂሳብ ተከራክሮ ከአንድ ቤት ደረጃ ላይ ተገፍትሮ ክንዱ ተሰብሯል። የገፈተረው ልጅ በማግስቱ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጡንቻው ለማን በቃ?

ባለ ባሩ፦ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠርሙስ ሰብሮ የተነሳብህን ሰካራም በሰርተፍኬት አታስወጣውም። ደግሞ እኔ ያለ ተያዥ ሰው አልቀጥርም።

ጣና ዳር፦ ተያዡ ንብረትህ ቢጠፋ ይከፍልህ ይሆናል። የደንበኛህ ጥርስ ቢረግፍስ ማን ይከፍላል?

ቡሬ ለንደን፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እንግሊዝ አገር ይህንኑ ሥራ ነው የምሠራው። በፈረንጆቹ 2001 የወጣ ሕግ አላቸው፤ ያለ ፈቃድ በር ላይ መቆም ወንጀል ነው። 18 ዓመት መሙላት አለብህ፣ የወንጀል ሪከርድህ ይታያል፣ ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ሳትማር ሥልጠናውን አትጀምርም። ሥልጠናው ላይ ሰው ማናገርም ትማራለህ። እኔን እስከዛሬ የሚያስደነግጠኝ ግን አንዱ ትምህርት ነው። ሰውን በደረቱ አስተኝተህ ጀርባውን ከተጫንከው ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ይችላል። ሲሰክር ይብሳል። መንፈራገጡን አንተ እልህ ይመስልሃል፣ እሱ አየር እየፈለገ ነው። ቶሎ ቀና አድርገህ አስቀምጠው ይሉናል። ይህን ጡንቻ አያስተምርም።

ባለ ባሩ፦ ዲያስፖራ የለንደንን ሕግ ለጎጃም አምጥቶ አረፈው! እዚያ ፖሊስ ስትደውል ይመጣል። እኔ ጋ እስኪመጣ ቤቴ ያልቃል።

ቡሬ ለንደን፦ ፖሊስ የሚዘገይ ከሆነማ ልጁ ሰውየውን መሬት ላይ ይዞት የሚቆየው ብዙ ደቂቃ ነው። እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ የባሰ የሚያስፈልገው ያንተ ልጅ ነው።

ሰላም ይቅደም፦ አገር ሰላም ሳይሆን ስለ ጭፈራ ቤት በር ትጨቃጨቃላችሁ?

ጣና ዳር፦ ሰላሙማ ይቅደም። ግን ቤቶቹ ማታ ማታ እየተከፈቱ ነው፣ ልጆቹም እየተደበደቡ ነው።

እታለም ዳንግላ፦ የሴቶቹን ፍተሻ ለምን ማንም አያነሳም? ቦርሳዬን የሚያገላብጠው ወንድ፣ ወገቤን የሚዳብሰውም ወንድ። «አትንካኝ» ስል «እንግዲያው አትግቢ» ተባልኩ። ሥልጠናም ፈቃድም ከመጣ ሴት ፈታሽ አብራ ትምጣ።

ባለ ሽመል፦ ፍተሻ ለጎጃም ሰው ድሮም ክብሩ አይደለም። በትሬን ተቀብሎኝ ካስገባኝ ይበቃል።

የጨሞጋ ልጅ፦ ሽጉጥ የያዘውንም በትሩን ተቀብሎ ያስገባው?

ባለ ሽመል፦ እሱን የባህር ዳር ሰው ጠይቅ። ማርቆስ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ጣና ዳር፦ ምነው ሸዋ! ክንዱ የተሰበረው ልጅ እኮ የማርቆስ ነው።

በሩ ላይ ያለሁት፦ የምትነጋገሩት ስለ እኔ ነው። ማርቆስ በር ላይ እቆማለሁ። ጂም ስለምሠራ ጠሩኝ፣ ምንም ያሳየኝ ሰው የለም። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «አውጣው» ይለኛል። ሰውየው ወድቆ ቢጎዳ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ተብሎ የምከሰሰው እኔ ነኝ። ጋሼ ባለ ባሩ፣ የኔ ጡንቻ የበቃው ለእርስዎ ነው። ፍርድ ቤት ስቀርብ እኔን አያድነኝም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መስተንግዶ ያስተምራሉ፤ የበሩንም ሥራ ቢጨምሩበት ነገ እመዘገባለሁ።

ባለ ባሩ፦ ክፍያውን ማን ይሸፍናል? ሠልጥነህ ስትጨርስ ባህር ዳር ሄደህ ለሌላ ትቀጠራለህ።

በሩ ላይ ያለሁት፦ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ቤቱ። ዓመት አልለቅም ብዬ እፈርማለሁ።

እታለም ዳንግላ፦ ጋሼ፣ ልጁ ከኪሱ እከፍላለሁ እያለዎት ነው። መልስ ይስጡት እንጂ።

ባለ ባሩ፦ መጀመሪያ ሌሎቹ ቤቶች ይጀምሩ።