ዘጌን በአንድ ቀን፦ በጀልባ ወይስ በመኪና?

ጠያቂ (ከደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በጥር መጨረሻ ባሕር ዳር ሁለት ቀን እንቆያለን፤ አንዱን ቀን ገዳማት ላሉበት የጣና ባሕረ ገብ ምድር፣ ለዘጌ፣ ለመስጠት አስበናል። አብረውኝ የሚሄዱት እናቴ (ጉልበታቸውን ያማቸዋል)፣ ባለቤቴ፣ የ7 እና የ10 ዓመት ልጆች ናቸው። በጀልባ ይሻላል ወይስ በመኪና? በአንድ ቀን ስንት ገዳም ይዳረሳል? ሴቶች የማይገቡበት የትኛው ነው? ለልጆቹስ ምን ልጠንቀቅ? እግረ መንገዴን የዘጌ ቡናም መግዛት እፈልጋለሁ። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ጣና ዳር

በጀልባ ይሂዱ፤ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ይወስኑ። ጣና ጠዋት ጠዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበል ያበዛል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ ከ7 ሰዓት በፊት ለመመለስ ጀልባው ላይ መቀመጥ ነው። በሞተር ጀልባ እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ትንሹ ፈጣን ጀልባ ቀድሞ ይደርሳል፤ ማዕበል ሲመጣ ወገብ የሚያንገጫግጨውም እሱ ነው። ለእናትዎ ሰፋ ያለውና ጣሪያ ያለው ይሻላል። ወደ ኋላ ጠጋ ብለው ይቀመጡ፤ በማዕበል ከፍ ዝቅ የሚለው የጀልባው አፍንጫ ነውና።

ዋጋ ሲነጋገሩ ጀልባው የሚቆምባቸውን ወደቦች በስም እየጠሩ ይስማሙ። «ዘጌ» ብሎ ብቻ መስማማት የጭቅጭቅ ምንጭ ነው፦ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያስወጣው ወደብ አንድ ነው፣ ለበትረ ማርያምና ለመሐል ዘጌ ጊዮርጊስ የሚወረድበት ሌላ ነው። ነጂው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ አስጎብኚው በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ይህንም አስቀድመው ይጨርሱ። የገዳማቱ መግቢያ ለየቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ይያዙ።

ከመሳፈር በፊት የልጆቹን ላይፍ ጃኬት አልብሰው ይሞክሩት። ማሰሪያውን ከቆለፉ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጭና ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው፣ ውኃ ውስጥ ይወልቃል። ማሰሪያው የተበጠሰውን ጃኬት ከቁጥር አያግቡት። ለትልቅ ሰው ብቻ የሚሆን ካላቸው ሌላ ጀልባ ይፈልጉ፤ በዚህ ነገር ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጥር ለወደቡም ደህና ወር ነው። ሐይቁ በክረምቱ ማብቂያ፣ መስከረም ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እየወረደ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ያን ጊዜ ዳር ዳሩ ላይ ድንጋዩ ስለሚወጣ ጀልባው እንደ ልቡ አይጠጋም፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መውረዱ ያስቸግራል።

ቅኔ ማኅሌት

ስለ ገዳማቱ። ከእናትዎና ከልጆቹ ጋር ከሁለት አይለፉ። የእኔ ምርጫ በዑራ ወደብ ወርዶ አዝዋ ማርያምንና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት ነው፤ ሁለቱም በአንድ የእግር መንገድ ላይ ናቸው። መንገዱ በቡናው ጥላ ሥር እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ድንጋይና ሥር ይበዛበታል። አዝዋ ቀድማ ስለምትገኝ እናትዎ ከደከሙ እዚያው ይረፉ፤ እናንተ ዑራ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ምርኩዝ ይያዙላቸው። ጫማው በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፣ በየደጁ ማውለቅ አለና። ወፍራም ካልሲም ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው የቀኑ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ቀን ሁሉ፣ ቅዳሴው ከቀትር ወዲያ ይገባል፤ ቅዳሴ ከተገባ ደግሞ ጉብኝት የለም። በፍስክ ቀን ቅዳሴው በጠዋት ስለሚያልቅ ረፋዱ ላይ የደረሰ ሰው ተረጋግቶ ያያል። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢያደርጉት ይመረጣል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ነው፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበት ሁሉ ሕዝብ ይበዛል፤ እናትዎ በዓሉን ማክበር ከፈለጉ ግን ቀኑን ለዚያ ብለው ይምረጡት፣ ሥዕል ለማየት አይመችም እንጂ ለነፍስ ትልቅ ቀን ነው። የየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትም እንዲሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ፣ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሸራ ላይ ነው። ዙሪያውን ሳይዞሩ አንዱን ፊት ብቻ አይቶ መውጣት ግማሹን መተው ነው። ውስጡ ደብዛዛ ስለሆነ የእጅ ባትሪ ይያዙ፤ ፍላሽ ግን አይፈቀድም። በሮቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሳንቃው ራሱ ላይ ሥዕል አለ፣ በሩ ሲከፈት ከግድግዳው ጋር ተጋጥሞ ይተኛና አልፎት ይኬዳል። ካህኑን «በሩን ይዝጉልን» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሴቶችን በተመለከተ፦ ዘጌ ላይ ያሉት ለሴትም ለወንድም ክፍት ናቸው። በመንገድ ላይ ከሚታዩት ደሴቶች ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፣ ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባል። ዳጋ እስጢፋኖስም ለወንድ ብቻ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል፤ ከዘጌ ጋር አይደባልቁት።

አፋፍ

መኪናውን ለሚያስቡት፦ በየብስ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚደርሰውም አፋፍ ከተማ ነው። ገበያውን፣ የከተማውን ኑሮ ለማየት ጥሩ ነው፤ ከዚያ እስከ ገዳማቱ ያለው እግር ግን ለእናትዎ ይረዝምባቸዋል። በየብስ ለመሄድ ያሰበ ሰው በዋዜማው የመንገዱን ሰላም ጠይቆ ይነሣ፤ ከማርቆስ ባሕር ዳር ላለውም ያው ነው።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ዘጌ ውስጥ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የተላለፈ ሥርዓት ነው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው፤ እህሉ ግን ከውጭ ይገባል፣ ስለዚህ ወደቡ አካባቢ ለአምስት ሰው ምሳ ፈልጎ ማግኘት አይታመንም። እንጀራ፣ ቆሎ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ይበቃል። ዓሣ ባሕር ዳር ስትመለሱ ትበላላችሁ፤ ቆሮሶ ለጥብስ፣ ነጭ ዓሣ ለወጥ።

ልጆቹን ቅርንጫፍ እንዳይሰብሩ፣ የቡና ፍሬ እንዳይቀጥፉ ንገሯቸው። ያ ሁሉ ዛፍ ባለቤት አለው። ጦጣዎቹንም አያብሏቸው፤ ምግብ የለመደች ጦጣ ከልጅ እጅ ትነጥቃለች፣ ትነክሳለችም።

ጤና ባለሙያ

ልጆቹ ዳር ላይ እግራቸውን እንዳይነክሩ። የጣና ዳር፣ ዘጌም ጭምር፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። አደገኛው ጥልቁ መሐል ሳይሆን ደንገሉና ሣሩ ያለበት፣ ውኃው የማይንቀሳቀስበት ዳር ነው፤ ልጆች የሚጫወቱትም እዚያው ነው። ከጀልባ ሲወርዱ ውኃ ውስጥ መርገጥ ካለ ልጆቹን አዝለው ያሻግሯቸው። ከነካቸው ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጎ ማድረቅ ይረዳል፣ ግን ዋስትና አይሆንም። የሰገራ ምርመራው ወዲያው ቢደረግ ምንም አያሳይም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በክብደት ተመጥኖ ይሰጣል።

ወባውም አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይከፋል፣ ጥር ላይ ይቀንሳል፤ የምታድሩበት ቤት አጎበር ይኑረው። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት ከመጣ ጣና ዳር እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ ቶሎ ላይጠረጠር ይችላል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስን መርጠናል። ታንኳ ላይ ልጆቹን ለጥቂት ደቂቃ ማሳፈርስ? ቡናውንም አደራ።

ጣና ዳር

ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው፤ ውኃ እየጠጣ በሄደ ቁጥር ይከብዳል፣ እየሰጠመ ይሄዳል፣ ለዚያ ነው ከሥራ ሲወጣ ዳር ላይ ተስቦ ፀሐይ የሚሰጠው። ያረጀው ላይ የተቀመጠ ሰው ልብሱ ይርሳል፤ ሚዛኑንም የሚያውቀው ቀዛፊው ብቻ ነው። ዳር ላይ ቆሞ ሲታሰር ማየት ይበቃቸዋል፦ ደንገሉ በእቅፍ በእቅፍ እየሆነ እንዴት እንደሚጠብቅ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው።

አፋፍ

ቡናው ጀንፈል ሆኖ፣ ከነገለባው ነው የሚደርቀው። ለቀማው ኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ስለሚሄድ አዲሱን ታገኛላችሁ፤ ችግሩ በደንብ ያልደረቀም አብሮ መሸጡ ነው። ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ አንቀጥቅጡት፤ ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ ገና ነው። አንዱን ፈልፍላችሁ በጥርስ ንከሱ፤ ከደረቀ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥብ ከሆነ የጥርስ ምልክት ይዞ ይቀራል። እርጥቡን በላስቲክ አስራችሁ ከወሰዳችሁት ይሻግታል፤ በጆንያ ወይም በጨርቅ ከረጢት ይሁን። ማሽተትም አትርሱ፦ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ይይዛል፣ ቆጥ ላይ የደረቀው ንጹሕ ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ደግሞ ሁለት ኪሎ ጀንፈል ተወቅጦ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው አስሉ።