ከ2ኛው ዙር በኋላ ደረቅ ሳል፦ ብሊዮማይሲን ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ ደረጃ 3 ክላሲካል ሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) አለባት። ሕክምናዋ ኤቢቪዲ የሚባለው የአራት ኬሞ መድኃኒቶች ጥምረት ነው፦ ዶክሶሩቢሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲንና ዳካርባዚን፣ በእያንዳንዱ የ28 ቀን ዙር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን በደም ሥር። 2 ዙር ጨርሳ የተነሳችው ፔት ሲቲ (ካንሰሩ ለሕክምናው የሰጠውን ምላሽ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ከ1 እስከ 5 በሚሄደው የዶቪል መለኪያ 2 ሆኗል። ከ1 እስከ 3 ጥሩ ምላሽ ስለሚባል በዚህ በኩል እፎይ ብለናል።

ያስጨነቀኝ ሳሉ ነው። አክታም ትኩሳትም የለውም። ቁጭ ስትል ኦክስጅኗ 96 ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ግን 90 ይወርዳል። ብሊዮማይሲን ሳንባን እንደሚያቆስልና ሲቀጥል ጠባሳው ላይመለስ እንደሚችል አውቃለሁ። ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ የኒሞሲስቲስ የሳንባ ምች (የመከላከል አቅም ሲዳከም የሚይዝ የፈንገስ ኢንፌክሽን) እንዲሁ በደረቅ ሳል ይጀምራል። የደረት ሲቲና የሳንባ ጋዝ ማስተላለፍ አቅም ምርመራ ታዟል። ችግሩ፣ ውጤቱ የሚደርሰው ከቀጣዩ መድኃኒት ቀን በኋላ ነው።

ፔታቸው ጥሩ ለሆነ ታካሚዎች ከ3ኛው ዙር ጀምሮ ብሊዮማይሲንን ትቶ በሦስቱ መቀጠል የታወቀ አሠራር ነው። ታዲያ ውጤቱ ሳይደርስ አሁኑኑ እንዲቀር ሐኪሟን ብጠይቅ ትክክል ነኝ? ወይስ ኢንፌክሽን እስኪጣራ ሦስቱም መዘግየት አለባቸው? ኢንፌክሽን ሳይገለል ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚቀንስ ስቴሮይድ) መጀመርስ? ኒውትሮፊሏ (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ) ዝቅ ብሎ 700 ነው። ለዚህ የነጭ ደም ሕዋስ ማሳደጊያ መርፌ ታስቧል፤ ከብሊዮማይሲን ጋር ሲሰጥ የሳንባውን ጉዳት ያባብሳል የሚለው ስጋት እንቅልፍ ነስቶኛል። የደም ካንሰር ሐኪሞች፣ የኬሞ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ የምታደርጉትን ንገሩኝ።