ቱርቦውን የበላው ምንድን ነው?
ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ባለ ሦስት ጎን ሮተር የሚዞርበት) የምታውቁ እርዱኝ። እዚህ አሜሪካ ራሴ የገጣጠምኳት ትንሽ አውሮፕላን አለችኝ። ሞተሯ ማዝዳ 13ቢ፣ ቱርቦው (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ደግሞ ከአርኤክስ-7 መኪና የተነቀለ ነው። ሽቅብ ስወጣ የማኒፎልድ ግፊቱ (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት) ድንገት ወረደ፤ ሰማያዊ ጭስም ተከተለኝ። ደግነቱ ማረፊያው ቅርብ ነበር።

ቱርቦውን ስፈታው ዘንጉ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይላወሳል። በጭሱ በኩል ያሉት የተርባይኑ ምላጮች ጫፋቸው ተሸራርፏል። አየር የሚያስገባው የኮምፕረሰሩ በኩል ግን ንጹህ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ ተሰብሮ በጭስ ማውጫው ሲወጣ መትቶት ይሆን? ወይስ ዘይት አጥሮት ዘንጉን የሚይዘው ቡሺንጉ አለቀ? የዘይት መመለሻው ቱቦ አልተዘጋም፣ ቁልቁለቱም ደህና ነው።

ቱርቦ መቀየሩ አያስጨንቀኝም። ሞተሩ ውስጥ ስብርባሪ ካለ ግን አዲሱንም ይበላዋል። የሮታሪ ኮምፕረሽን መለኪያ የለኝም፤ በተራ የግፊት ጌጅ የሮተሩን ሦስት ፊቶች ለየብቻ እንዴት ልለካ?